ሥራ ይዞ ለሙያ ፈቃድ ፈተና ስለ ማጥናት

ቀን በመሥሪያ ቤት ሲደክም ውሎ፥ ማታ ወይም ሌሊት መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው በየሰፈራችን ይገኛል። አንዱ መምህር ነው፤ ሌላይቱ ነርስ ናት፤ አንዱ ጠበቃ ለመሆን የሚሻ የሕግ ሰው ነው፤ ሌላው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው፥ ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላም «በዚህ ሙያ ልትሠራ ትችላለህ» የሚል ማስረጃ ለማግኘት ገና ሌላ ፈተና የሚጠብቃቸው መሆኑ ነው። ሥራቸውን ትተው እንዳያጠኑ ቤታቸው ከደመወዛቸው በቀር ሌላ ገቢ የለውም፤ ጥናታቸውን ትተው እንዳይሠሩ ደግሞ የነገ ዕድገታቸው በዚያ ማስረጃ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አስተባብሮ መያዝ ግዴታ ይሆንባቸዋል።

ለእነዚህ ሰዎች ምክር የሚሰጥ አይጠፋም። «ትጋ፤ ጽና፤ ጊዜህን በከንቱ አታሳልፍ» ይባላሉ። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ዘሎ ያልፋል። ይኸውም፥ ለጥናት የሚውለው ሰዓት ቀድሞ የማን ነበር? የሚለው ነው። ሰዓት ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል እንጂ እንደ ዝናብ ከላይ አይወርድም። በዛሬው ንግግራችን ይህን ጥያቄ እናነሣለን፤ ለምሳሌም የሒሳብ ሠራተኛውን እንወስዳለን፤ የእርሱ ፈተና ረዥም፥ ወጪው ከባድ፥ ደንቡም በግልጥ የታወቀ ስለ ሆነ ነው።

በመጀመሪያ ፈተናው ምን እንደሚመስል እንመልከት። በአገራችን ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች ከሚሹት የሙያ ማስረጃ አንዱ፥ በ1904 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ የተመሠረተው የቻርተርድ ሰርቲፋይድ አካውንታንቶች ማኅበር፥ በአጭር አጠራሩ ኤሲሲኤ የሚባለው የሚሰጠው ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲያዘጋጁ ካዘዘ፥ ሙያውን የሚቆጣጠረውም የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ፥ እንዲህ ያለው ማስረጃ ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል።

ለብዙ ዓመታት በቆየው ሥርዓት መሠረት የዚህ ማኅበር ፈተናዎች በጠቅላላው 13 ናቸው። በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት አጠናቆ የመጣ ሰው እንደ ትምህርቱ ይዘት እስከ 9 ከሚደርሱት ነፃ ሊሆን ይችላል። ለማለፍ የሚያሻው ነጥብ ከ100 ውስጥ 50 ነው። ይህ ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን በብዙዎቹ ፈተናዎች ከተቀመጡት ሰዎች የሚያልፉት ግማሽ ያኽሉ ናቸው፤ ከዚያም ያነሰ ሰው የሚያልፍባቸው አሉ። ማኅበሩ የትምህርቱን አከፋፈል በየጊዜው ስለሚያሻሽል፥ ተፈታኙ ከመመዝገቡ በፊት ደንቡን ከራሱ ከማኅበሩ ማረጋገጥ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ሥራና ጥናት አብረው አይሄዱም የሚሉ ሰዎች፥ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለውን ተረት ይጠቅሳሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ቦታውን አላገኘም። ማኅበሩ ፈተናውን ያለፈውን ሁሉ ወዲያው አባል አያደርግም። ከፈተናው ሌላ የ36 ወር የሥራ ልምድ፥ ስለ ሙያ ሥነ ምግባርም የተለየ ትምህርት ይጠይቃል። እንግዲህ ቀን በመሥሪያ ቤት ሒሳብ የሚያስታርቀው፥ ሰነድ የሚመረምረው፥ የወር መዝገብ የሚዘጋው ሰው ከማስረጃው ርቆ አልዋለም። የማስረጃውን አንዱን ክፍል እየሠራ ውሏል። ሥራውና ጥናቱ የአንድ ዛፍ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው። አስቸጋሪው ነገር የሰዓቱ ማነስ ነው።

እስቲ ሰዓቱን እንቁጠረው። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በ2011 ዓ.ም. እንደ ደነገገው፥ መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ሠራተኛው እስከዚህ ድረስ የሚሠራ ነው እንበልና 48ቱን እንቀንስ፤ 120 ይቀራል። በየሌሊቱ 7 ሰዓት ቢተኛ 49 ይሄዳል፤ 71 ይቀራል። ለመንገድና ለምሳ በቀን 2 ሰዓት፥ በስድስት ቀን 12 ሰዓት ቢወስድበት 59 ይቀራል። ለመታጠብ፥ ለመልበስና ለመብላት በቀን 2 ሰዓት ብንመድብለት ደግሞ 14 ወጥቶ 45 ይሆናል።

እነዚህ 45 ሰዓቶች በወረቀት ላይ ሲታዩ ባለቤት የሌላቸው ይመስላሉ። ነገር ግን ባለቤት አላቸው። ገበያ የሚኬደው፥ ወጥ የሚሠራው፥ ልጅ የሚጠናው፥ የታመመ የሚጠየቀው፥ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚኬደው፥ ዕድር የሚደረሰው፥ ከትዳር ጓደኛ ጋር ቡና እየተጠጣ ስለ ኑሮ የሚመከረው በእነዚሁ ሰዓቶች ውስጥ ነው። ተፈታኙ በሳምንት 10 ሰዓት ለማጥናት ቢወስን፥ ከዚህ ከቤቱ ድርሻ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ አልፎ ወሰደ ማለት ነው። ካልወሰደው ደግሞ ወይ ከእንቅልፉ ወይ ከአሠሪው መውሰድ ይኖርበታል። ከእነዚህ ሦስት በሮች በቀር አራተኛ በር የለም። እያንዳንዱን በተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው በር እንቅልፍ ነው። ከሁሉ ይልቅ ቀላል መስሎ የሚታየው ይህ ነው፤ እንቅልፍ አፍ አውጥቶ አይከስምና። ብዙ ተፈታኞች እስከ ሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ድረስ ቁጭ ብለው ያነባሉ፤ ንጋት ላይም እየተንገዳገዱ ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ይህ ትጋት ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ኪሣራ ነው። ሰው በመኝታው ጊዜ አእምሮው ሥራ አይፈታም፤ ቀን የተማረውን ያጸናል። እንቅልፉን የቆረጠ ሰው ያነበበውን ሳያጸና ሌላ ይጨምርበታል። በማግሥቱም በመሥሪያ ቤቱ አንድ አኃዝ ያሳስታል፤ በቤቱም በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ሌሊት ማንበብ የሚስማማው ሰው ቢኖር ቀድሞ ይተኛ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ የተኛ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሲነሣ ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኝቷል፤ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስም አንድ ሰዓት ተኩል ጸጥታ አለው። በሳምንት አራት ቀን ይህን ቢያደርግ 6 ሰዓት ያገኛል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ቢጨምርበት 10 ይሞላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቀድሞ ለመተኛት ቢፈልግ የምሽቱ ጊዜ የቤተሰቡ ነበረና፥ እዚህም ላይ ፈቃድ መጠየቅ ያሻዋል።

ሁለተኛው በር የአሠሪው ጊዜ ነው። በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ የጥናት መጽሐፉን ከፍቶ፥ አለቃው ሲመጣ መሳቢያውን የሚዘጋ ሠራተኛ አልፎ አልፎ ይታያል። ይህን ሰው እንደ ትልቅ ወንጀለኛ ለመቁጠር አንሻም፤ የቸገረው ነው። ዳሩ ግን የሚሻው ማስረጃ ምን እንደ ሆነ ቆም ብሎ ያስብ። የኦዲተር ፊርማ ማለት፥ «የሌላው ሰው ገንዘብ ሒሳብ በእውነት ቀርቧል፤ መርምሬዋለሁ» ማለት ነው። የሌሎችን ገንዘብ አጠባበቅ ለመመስከር የሚዘጋጅ ሰው፥ ዝግጅቱን የሌሎችን ሰዓት በመሸሸግ ሊጀምረው አይገባውም። ጉባኤ ፊት የሚያስጠይቀው የሥነ ምግባር ደንብ ከመድረሱ በፊት፥ የራሱ መሳቢያ ይጠይቀዋል።

ከአሠሪው በግልጥ የሚገኝ ነገር ግን አለ። የዓመት ፈቃድ አንዱ ነው። ከላይ ባነሣነው አዋጅ መሠረት ሠራተኛው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው፤ በየሁለት ዓመቱ አገልግሎት ደግሞ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ተፈታኙ ከአሠሪው ጋር ተስማምቶ ፈቃዱን ለሁለት ቢከፍለው፥ ግማሹን ከፈተናው በፊት ላለው ሳምንት፥ ግማሹን ደግሞ ከፈተና በኋላ ለቤተሰቡ ሊያውለው ይችላል። ለአለቃው ቀደም ብሎ፥ ቀኑን ጠቅሶ መንገርም ይጠቅማል። ብዙ አለቆች የሚቆጡት በመጨረሻው ሳምንት በድንገት ሲጠየቁ እንጂ፥ ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ ሲነገራቸው አይደለም። ሠራተኛው ባወቀው መጠን የሚጠቀመው መሥሪያ ቤቱም ነውና፥ ጥቂት ማገዝ የአለቃ ማስተዋል ነው።

በዚህ ላይ ሳለን ስለ ወቅት እንናገር። የማኅበሩ ዋና ዋና ፈተናዎች በዓመት አራት ጊዜ፥ በፈረንጆቹ ማርች፥ ጁን፥ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ይሰጣሉ። በእኛ አቆጣጠር የየካቲት መጨረሻ፥ የግንቦት መጨረሻ፥ የነሐሴ መጨረሻና የጳጉሜን መግቢያ፥ እንዲሁም የኅዳር መጨረሻ ገደማ ይውላሉ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ብዙ ድርጅቶችም መዝገባቸውን በዚያው ቀን ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ሐምሌና ነሐሴ ዓመታዊ ሒሳብ የሚዘጋጅበት፥ ኦዲተር የሚመላለስበት፥ ግብር የሚታሰብበት ወራት ነው። እንግዲህ ለነሐሴው ፈተና የሚዘጋጅ የሒሳብ ሠራተኛ፥ ሥራው እጅግ በሚከብድበት ጊዜ ጥናቱንም ይሸከማል። በዚያም ላይ ፈተናው ለእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስለ ሆነ፥ ቤቱ ለበዓል ሲሰናዳ እርሱ ከቤት የለም። የኅዳሩና የየካቲቱ ወቅት ይሻለዋል። የራሱን መሥሪያ ቤት የሥራ ክብደት የሚያውቀው እርሱ ነውና፥ ፈተናውን ከመምረጡ በፊት የመሥሪያ ቤቱን የቀን መቁጠሪያ ከፊቱ ይዘርጋ።

ደንቡ በአንድ ወቅት እስከ አራት ፈተና መቀመጥን ይፈቅዳል። የተፈቀደ ሁሉ ግን የሚበጅ አይደለም። ሥራ ላለው ሰው አንድ፥ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። በሳምንት 10 ሰዓት በ12 ሳምንት ሲባዛ 120 ሰዓት ነው። ይህ ለአንድ ፈተና መልካም ዝግጅት ነው፤ ለአራት ሲከፋፈል ግን ለእያንዳንዱ 30 ሰዓት ብቻ ይደርሰዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለው፥ አራት ተቀምጦ አራቱንም ከመውደቅ አንዱን ይዞ ማለፍ ይሻላል።

ሦስተኛው በር የቤቱ ጊዜ ነው። ከላይ እንዳየነው ተፈታኙ በእውነት ሊወስድ የሚችለው ከዚህ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ንግግራችን በዚህ ላይ የሚያተኩረው። ከቤት የሚወሰደው ሰዓት አይሰረቅም፤ አይነጠቅም፤ ይለመናል፤ እንደ ብድርም ይመዘገባል።

በብዙ ቤት የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አባወራው «ፈተና አለብኝ» ይልና በሩን ይዘጋል። ሚስቱ ልጆቹን ዝም ታሰኛለች፤ እንግዳ ሲመጣ «የለም» ትላለች፤ የውኃውንም የመብራቱንም ክፍያ ብቻዋን ሄዳ ትከፍላለች። «መቼ ነው የሚያልቀው?» ስትለው «በቅርቡ» ይላታል። ቅርቡ ዓመት ይሆናል፤ ዓመቱም ሁለት ይሆናል። ልጁ ገና እግር ሲያወጣ በአባቱ ደጃፍ በጣቱ ቆሞ መሄድን ይማራል። በመጨረሻ ማስረጃው ሲመጣ አባወራው ብቻውን ይደሰታል፤ ሚስቲቱም ደስ ብሏት ከሆነ፥ ደስታዋ አሁን ስላበቃ ነው እንጂ አብራ ስላሸነፈች አይደለም። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ክፉም አልነበረም። የወሰደውን ያኽል እንደ ወሰደ በአንድም መዝገብ ላይ ስላላሰፈረው ነው።

እንግዲህ አስቀድሞ ቁጭ ብሎ መነጋገር ያሻል። ይህም ንግግር አራት ነገር ይኑረው። መጀመሪያ፥ ስንት ሰዓትና በየትኛው ቀን እንደሚፈለግ፤ ሁለተኛ፥ መቼ እንደሚያበቃ፤ ሦስተኛ፥ ተፈታኙ ሲያጠና ሥራው በማን ላይ እንደሚወድቅ፤ አራተኛ፥ በምን እንደሚመለስ። ለምሳሌ ባል ለሚስቱ እንዲህ ሊላት ይችላል፦ «ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር 27 ድረስ እሑድ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ብትሰጪኝ፥ በሳምንትም አራት ምሽት ቀድሜ ብተኛ፥ በዚያ ጊዜ ልጆቹ በአንቺ ላይ ይወድቃሉ። ቅዳሜ ማታና እሑድ ጠዋት ግን ልጆቹም ገበያውም የእኔ ነው። ከኅዳር 27 በኋላ ያለው ወር መጽሐፍ አልከፍትም። ትችያለሽ ወይ?» ይህን ከተናገረ በኋላ ዝም ብሎ መልሱን ይስማ። «አልችልም፤ በዚህ ወቅት እናቴ ታማለች» ብትለው፥ ያ መልስ ነው። የየካቲቱ ፈተና ይጠብቀዋል። ወቅቱን ማሳለፍ ስንፍና አይደለም፤ ፈተናው በዓመት አራት ጊዜ የሚሰጥ መሆኑ ለእንዲህ ያለው ቀን ይጠቅማል።

ተፈታኟ ሴት ስትሆን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ይህ ማኅበር በ1909 እ.ኤ.አ. ኤቴል ኤየርስ ፐርዲ የተባለችውን ሴት አባል አድርጎ ሲቀበል፥ ከሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበራት መካከል ለሴት በሩን የከፈተ የመጀመሪያው ነበረ። የማኅበሩ በር ከተከፈተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የብዙ ቤት ኩሽና በር ግን እስካሁን በሴቲቱ ላይ እንደ ተዘጋ ነው። እርሷም እንደ ወንዱ ስምንት ሰዓት ሠርታ ትመለሳለች፤ ከዚያ በኋላ ምጣድ ይጠብቃታል፤ ልጅ ይጠብቃታል። ባሏ ሲያጠና ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እርሷ ስታጠና ግን «ጨው የት ነው?» ይባላል። ስለዚህ ባል ሆይ፤ ሚስትህ ለፈተና ስትቀመጥ «አይዞሽ» ማለት ብቻ አይበቃም። ከሥራዋ ላይ ስሙ የታወቀ አንድ ሙሉ ነገር አንሣላት፤ የማታውን ራት ወይም የልጆቹን የቤት ሥራ ውሰድ። ያነሣኸውንም በየማታው እየጠየቅሃት አትሥራው፤ ራስህ እወቀው።

ዘመድና ጎረቤትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በእኛ አገር ኑሮ፥ ከሰው የተለየ ሰው የተራቆተ ነው። ለቅሶ የሚቀር ተፈታኝ፥ ማስረጃውን ይዞ ሲመለስ የሚያስተዛዝነው ሊያጣ ይችላል። ለቅሶ አይቅር። የታመመም ይጠየቅ። ነገር ግን የሰርግ ጥሪ ሁሉ፥ የልደት ጥሪ ሁሉ፥ የቅዳሜ ከሰዓት ስብስብ ሁሉ እንደ ለቅሶ አይቆጠርም። ለዘመድ አስቀድሞ «እስከ ኅዳር መጨረሻ አትቀየሙኝ፤ ከዚያ በኋላ ራሴ እመጣለሁ» ብሎ መናገር ከመቅረት ይሻላል። ተናግሮ የቀረን ሰው ዘመድ ይመርቀዋል፤ ሳይናገር የጠፋን ግን «ኮራብን» ይለዋል።

ሰዓቱ በዚህ ሁሉ ብድር የተገኘ ከሆነ፥ በከንቱ ማጥፋቱ በራስ ላይ ብቻ የሚደረግ በደል አይደለም። ስለዚህ አጠናኑም ይታሰብበት። ብዙ ሰው ማጥናት ማለት ደጋግሞ ማንበብ ይመስለዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት ያሳተሙት ምርመራ ግን ሌላ ያሳያል። ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ አንብበው እንዲደግሙት፥ ሌላውን ጽሑፍ ግን አንብበው ከዘጉት በኋላ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡትን ጽሑፍ ጥቂት አብልጠው አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ የተጠየቁት ግን ደግመው ካነበቡት ጽሑፍ ከ100 እጅ 42 ያኽሉን ሲያስታውሱ፥ ዘግተው የሚያስታውሱትን ከጻፉበት ጽሑፍ 56 ያኽሉን አስታወሱ። እንግዲህ ሥራ ያለው ተፈታኝ የሰዓቱን ግማሽ ያንብብ፤ በግማሹ መጽሐፉን ዘግቶ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይሥራ። ይህ ከማንበብ ይልቅ ያደክማል፤ የሚጠቅመውም ስለዚሁ ነው። ስልኩን ደግሞ በሌላ ክፍል ያኑር። ሚስቱ ልጆቹን ዝም አሰኝታ በሰጠችው ሰዓት ስልኩን ሲያገላብጥ የሚያገኘው ሰው፥ ከፈተናው በፊት አመኔታዋን ይወድቃል።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል እንጨምር። የፈተናው ክፍያ በእንግሊዝ ፓውንድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ፓውንዱም አብሮት ወጥቷል። ፈተናውን የሚከፍል ደመወዝ ግን በዚያው መጠን አላደገም። ስለዚህ አንድ ጊዜ መውደቅ ለአንድ ቤት የልጅ ጫማ፥ የቤት ኪራይ ጭማሪ፥ የበዓል በግ ሊሆን ይችላል። ይህን ያኽል ገንዘብ የሚወጣበትን ነገር አንድ ሰው ብቻውን ሊወስነው አይገባም። ቀድሞ የተመዘገበ ከዘገየው ያነሰ ስለሚከፍል፥ በጊዜ መምከር ለኪስም ይበጃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መውደቅ ይመጣል። ግማሽ ያኽሉ ሰው በሚወድቅበት ፈተና፥ የወደቀ ሰው ብርቅ አይደለም። ውጤቱ ከፈተናው በኋላ በስድስት ሳምንት ገደማ ይደርሳል። 47 ያገኘ ሰው ውጤቱን ከቤተሰቡ ሊደብቅ ይፈተናል፤ «ገና አልመጣም» ይላል። ይህ ከመውደቁ ይልቅ ይጎዳል። ሰዓቱን ያበደሩት ሰዎች ምን እንደ ደረሰበት ማወቅ መብታቸው ነው። ውጤቱን በዚያው ቀን ይንገራቸው፤ ከዚያም አብረው ይምከሩ፦ በሚቀጥለው ወቅት ይደገም ወይስ ጥቂት ይቆይ? ዕውቀቱ ገና ትኩስ ሳለ መድገም ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ ቤቱ ደክሞት ከሆነ ግን አንድ ወቅት ማሳረፍ የተሻለ ነው።

ሊዘነጋ የማይገባ አንድ የጊዜ ገደብ ደግሞ አለ። በመጨረሻው ደረጃ ካሉት ፈተናዎች የመጀመሪያውን ካለፈ በኋላ፥ ተፈታኙ የቀሩትን በ7 ዓመት ውስጥ መጨረስ አለበት፤ ካልሆነ በዚያ ደረጃ ያለፋቸው እየወደቁበት ይሄዳሉ። ሰባት ዓመት ረዥም ጊዜ ይመስላል። ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ሰው ያገባል፤ ይወልዳል፤ መሥሪያ ቤት ይለውጣል፤ ወላጁን ይቀብራል። ስለዚህ ወደ መጨረሻው ደረጃ ከመግባቱ በፊት ቆም ብሎ ቤቱን ይመልከት፤ ከገባም በኋላ ሳይጣደፍ፥ ነገር ግን ሳያቋርጥ ይሂድ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ብድሩም ይመለስ። ፈተናው ባለቀ ማግሥትና ውጤቱ በሚመጣበት ቀን መካከል ያሉት ሳምንታት የተፈታኙ አይደሉም፤ የቤቱ ናቸው። በእነዚያ ሳምንታት የሚቀጥለውን መጽሐፍ የከፈተ ሰው፥ ዕዳውን ሳይከፍል ሌላ ዕዳ የገባ ነው። ልጁን ወደ ውጭ ይውሰድ፤ የቀረበትን ዘመድ ይጠይቅ፤ ሚስቱ ወይም ባሏ የሚሻውን አንድ ነገር፥ ሳይጠየቅ ያድርግ። ብድሩን የከፈለ ሰው በሚቀጥለው ወቅት ሲጠይቅ ፊት አይዞርበትም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ በዚህ ሳምንት ለፈተና ለመመዝገብ ያሰባችሁ ብትኖሩ፥ የመመዝገቢያውን ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ባዶ ወረቀት ውሰዱ። በአንድ ወገን የምትሹትን ሰዓት፥ በሌላው ወገን ሰዓቱ ቀድሞ የማን እንደ ነበረ ጻፉ። ከዚያም ዛሬ ማታ ራት ከተነሣ በኋላ፥ ስማቸው በወረቀቱ ላይ ያለውን ሰዎች አጠገባችሁ አስቀምጡና አንብቡላቸው። በቤታችሁ ተፈታኝ ያላችሁ እናንተ ደግሞ፥ ወረቀቱን ይዞ ቢመጣ አትሳቁበት፤ ልትሰጡት የምትችሉትንና የማትችሉትን በግልጥ ንገሩት። ከዚያ በኋላ በሩን ቢዘጋም፥ የዘጋው እናንተን ፈቅዳችሁለት ነው።

መልካም ጥናት፥ መልካም ሥራ ይሁንላችሁ።